ቀትር ላይ የሚጨልም ሳነቴ

መጋቢት 6 ቀን 2017፣ ሮቤ

ወጣ! ሁለት ዓመት የለፋንበት የኮምፒውተር በረራ ጨዋታ «የባሌ ሰማይ» ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለሰው ተለቀቀ። ሳላሕዲን ከሱቁ በረንዳ ላይ ትልቁን ስክሪን አቁሞ ማይኩን አልለቅም አለ። «ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ከሮቤ ትነሳለህ! ጎባን ታልፋለህ! የሳነቴን አምባ ከላይ ሆነህ ታየዋለህ! ሰዓቱ የኮምፒውተርህ ሰዓት ነው፣ አየሩ የራሳችን አየር ነው!» ጾም ላይ መሆኑን የረሳ ይመስል ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ። ቀጥሎ የአባቴን ስም ጠራ። «የሃያ ስድስት ዓመት የአየር ጠባይ ባለሙያ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና አቶ ኃይለመስቀል፣ በገዛ ዓይናቸው አይተው በእጃቸው በጻፉት!» ሰው አጨበጨበ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ያበረረው ጌታነህ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ስለሆነ ከእሱ በፊት ማንም እንዳይነካው ተባብለን ነበር። እስከ ጎባ ቆንጆ ነው፤ ጣሪያው፣ አስፋልቱ፣ ባሕር ዛፉ ሳይቀር። ሳነቴ ላይ ሲደርስ ግን ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ጉም። ዞረ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ያው ጉም ነው። ከኋላዬ የቆመ አንድ ባለባጃጅ «ጉምማ በነጻ ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ሳላሕዲንም አብሮ ሳቀና «ሳነቴ እንዲህ ነው እንግዲህ፣ አላስመሰልንም!» አለ። ጌታነህ አልሳቀም።

መጋቢት 7

መቶ አርባ መልእክት። ምሳ ልብላ አልብላ አላስታውስም።

«ጠዋቱን ሙሉ ጉም ነው።» «ስድስት ሰዓት ላይ ጨለመብኝ።» «ፀሐይ አናቴ ላይ ናት፣ መሬቱ ግን ጥቁር ነው። ምን ዓይነት ነገር ነው?» «ልጄ ደንግጣ አለቀሰች።»

እኔም አየሁት። ልክ ቀትር ላይ። ፀሐይዋ አለች፣ ከሥሯ ሳነቴ የለም። እስኪመሽ ድረስ ጠበቅሁ፣ አልተመለሰም።

መልስ መስጠት የኔ ሥራ ነው። ምን ብዬ?

መጋቢት 9

ሳላሕዲን ሰበሰበን። ሦስት ሰው ስብሰባ ከተባለ። «‘ተበላሸ’ የምትል ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ» አለኝ። «‘እያሻሻልን ነው’ በያቸው። ሁለት ሳምንት በያቸው፣ ኢንሻአላህ።» ለምን ሁለት? አልኩት። «አንድ ብትያቸው አያምኑሽም፣ ሦስት ብትያቸው ይቆጣሉ» አለ። ነጋዴ ነው፣ ሰው ያውቃል።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውድ በራሪያችን፣ ያዩትን እኛም አይተነዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳነቴን በሙሉ ብርሃኑ ያዩታል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» አሳምሬ ነው የጻፍኩት፣ አልዋሽም። ሰው ሲያነበው ልቡ መለስ ይላል። በዚህ በዚህ ጎበዝ ነኝ።

ከዚያ ጌታነህ ወንበሩን ወደኔ አዞረና «ሠርኬ፣ የአባባ ሰንጠረዥ በፈረንጅ ሰዓት ነው አይደል?» አለኝ። ሰንጠረዡ አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከግቢያችን ሆኖ፣ ሳነቴ በየሰዓቱ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚታይ የመዘገበው ነው። ጉሙም ሆነ የመሬቱ ብርሃን የሚታዘዘው በሱ ነው። ከደብተሮቹ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሰንጠረዡ የገባውም በመጨረሻው ቀን ነው፤ ያዘገየሁት እኔው ስለሆንኩ የሞከረው ሰው የለም።

«በፈረንጅ ነው» አልኩት። «ዕድሜውን ሙሉ አየር ሲለካ የኖረ ሰው በምን ሊጽፍ ነበር?»

«ደብተሩን አንዴ ልየው?»

«አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ እያልኩህ እኮ ነው!»

ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ሳላሕዲን ከስልኩ ቀና አለ። ጌታነህ ይቅርታ ጠየቀኝ። የሟች ነገር ስለሆነበት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። «እንግዲያው ፀሐይዋን ነው ያበላሸሁት» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አመሳክሬያለሁ ያልኩት ውሸት አይደለም። ቁጥሮቹን አመሳክሬያለሁ። ቁጥር በቁጥር።

መጋቢት 13

ዛሬ ከጎባ የድምፅ መልእክት መጣ። ቃል በቃል እዚህ ልገልብጠው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ከሚዞር።

«አካም ጅርቱ ልጆቼ? ደህና ናችሁ? ፍቅረሥላሴ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የአውሮፕላን ሜዳ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከሜዳው ላይ ከብት ማባረር፣ ሲሄድ በእጄ መሸኘት። ስንቱን ሸኘሁ! እኔ አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም። አሁን ዓይኔ እየሄደ ነው፣ ግላኮማ ነው አሉኝ። ብርሃን ሲሆን መሐል መሐሉን ትንሽ አያለሁ፤ ከጨለመ ግን የለሁበትም። ሐኪሙ ክረምት ድረስ አይቆይልህም አለ። ሳነቴን አንድ ጊዜ ከላይ ሆኜ ባየው ብዬ ነው ልጄ ወይንሸት ይሄን ያመጣችልኝ። በየቀኑ ትሞክርልኛለች። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ጨለማ። መቼ ይስተካከላል? ላጣድፋችሁ አይደለም፣ እንዳውቀው ብዬ ነው። ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ውድ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ...» ብዬ ላክሁላቸው። ስማቸውን አስገብቼ ነው። ከሌላው በምን ይለያል? በስሙ ብቻ።

መጋቢት 17

ሳላሕዲን «ሽማግሌ ደንበኛ መጎብኘት ስም ያወጣል፣ ሂጂና ፎቶ ተነሺ» ብሎ ጎባ ሰደደኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለኛ ያወራሉ። «ሳነቴን በሉት እኮ» ይላል አንዱ። ሌላው «ሮቤ ውስጥ ሲም ካርድ ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች አውሮፕላን ምን አገባቸው» ይላል። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ማን ያውቀኛል ብዬ እንደሆን እንጃ።

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ወደ ጎን ሰበር አድርገው ነው የሚያዩት፤ መሐል የቀረችውን ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ወይንሸት አስተማሪ ናት፣ ላፕቶፑን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣላቸዋለች። ስሜን ከነአባቴ ስነግራቸው ተነስተው ቆሙ።

«የኃይለመስቀል ልጅ? የዚያ ሰማይ ሲያይ የሚውለው? ነይ እስኪ ወደ ብርሃኑ!» አገጬን ይዘው አዩኝ። «ግንባርሽ የሱ ነው። ከብት ሳባርር ‘ፍቅሬ፣ ቀስ በል፣ አውሮፕላኑ ጉም ላይ ነው፣ ጊዜ አለህ’ ይለኝ ነበር። ስቶ አያውቅም።»

ስለ ደብተሮቹ አጫወትኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ እየሳቁ «የፈረንጅ ሰዓት ግን እንዴት እንደሚጠላ! ‘እሱ ለመሥሪያ ቤት ቅጽ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው’ ይል ነበር» አሉ።

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ወይንሸት «አሞሻል?» አለችኝ። አይ፣ መንገድ ነው፣ አልኩ። ስወጣ ጋሽ ፍቅረሥላሴ «እንግዲህ ሁለት ሳምንት ብላችኋል፣ እኔም እስከዚያ ዓይኔን እለምነዋለሁ» ብለው በእጃቸው ሸኙኝ፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ እንደ ድሮው ሥራቸው።

ፎቶ አልተነሳሁም።

መጋቢት 18፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው። ለማንም አልነገርኩም፣ ለዚህ ደብተር ልንገረው።

የአባቴን ሰንጠረዥ ስገለብጥ ህዳጉን በወረቀት ሸፍኜ ነው የገለበጥኩት። ግራ ገጹ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ቀኝ ገጹ ላይ ደግሞ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር አለ። ግራውን እንዳለ አስገባሁ፣ ቀኙን ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አራት ብዬ አስቀጠልኩ። ከቁጥሮቹ ጎን፣ ህዳጉ ላይ፣ የሱ ጽሑፍ አለ። እሱን ላለማየት ነው ወረቀት ያደረግሁበት። የመጀመሪያውን ደብተር ስከፍት አንድ መስመር ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አልደፈርኩም።

ዛሬ ወረቀቱን አነሳሁት።

ከሰባት ቁጥር ጎን፦ «ከምሳ በኋላ ደመነ።» ከአሥራ ሁለት ጎን፦ «ጀንበር ጠለቀች።» ልጅ እንኳ ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ግራው ገጽ ቀን፣ ቀኙ ሌሊት ነው፤ ስድስት ሰዓት አዛብቼዋለሁ። የከሰዓቱን ጉም ጠዋት ላይ፣ የማታውን ጨለማ ቀትር ላይ ጫንኩት። ጌታነህ ፀሐይዋን ፈትቶ እየገጠመ ነው፤ ፀሐይዋ ምንም አልሆነችም።

ሌላም አለ፤ እሱም ህዳጉ ላይ። «ሠርኬ አልደወለችም።» «ሠርኬ አልደወለችም፣ ሥራ በዝቶባት ነው።» «ዛሬ ጥርት ብሏል፣ ሠርኬ ብታየው።» አዳማ እያለሁ ነው። በመስከረም ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ጽፎታል። እኔ ቴሌኮም ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ ለማያውቁኝ ሰዎች ስደውል ነበር የምውለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ የሞተ ዕለት የደወለልኝ ጎረቤት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩና ከሮቤ ተነሳሁ። ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነው። ጎባን አለፍኩ። ሳነቴ ላይ ስደርስ መሬቱ በራ። ሐይቆቹ፣ የጅብራው ተክል፣ ወደ ሪራ የሚወርደው መንገድ፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ፤ ሁሉም የማለዳ ብርሃን ለብሶ ቁጭ ብሏል፣ ከላዩ ጥቁር ሰማይ። አባቴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያየው ሳነቴ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ በየሌሊቱ እንዲህ ሲበራ ነበር። ፈራሁ። ዘጋሁት።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

መጋቢት 19

አልነገርኩም። ጌታነህ ራሱን አሞት ነበር፣ ሰዓቱ አልነበረም።

መጋቢት 21

ዒድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው። የምነግረውም ሰው የለም። ከነገ ወዲያ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቤያለሁ። የማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር የአባቴ ስም ነው። «ስሕተቱ ከአቶ ኃይለመስቀል ሰንጠረዥ ነው» ቢባል ሕዝቡ የሚያስታውሰው ምኑን ነው? እሱ ስቶ አያውቅም። ስሙን መጠበቅ አለብኝ።

ይሄን ጽፌ ሳነበው ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

መጋቢት 27

ዛሬ አንድ የዶዶላ ልጅ ጻፈልን። «የኮምፒውተሬን ሰዓት ወደ ሌሊት ብለውጠው ሳነቴ ወለል ብሎ ታየኝ! ሰዓታችሁ ነው የተዛባው እንጂ ፀሐዩ አይደለም፣ እስኪ እዩት።» ብልህ ልጅ ነው። መልእክቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

ጌታነህ ከጎኔ ነበር፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «አዲስ ነገር አለ?» አለኝ።

«ያው ነው» አልኩት።

ለልጁ «አስተያየትዎን ለባለሙያዎቻችን አስተላልፈናል» ብዬ መለስኩለትና መልእክቱን አጠፋሁት። እጄ ነው ያጠፋው። እኔ አላዘዝኩትም ማለት አልችልም መቼም።

ሚያዝያ 1

ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ሰነበተ። አዲስ ጻፍኩ፦ «ሥራው ከጠበቅነው በላይ ጥንቃቄ ስለጠየቀ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት...» ከሥሩ አርባ ሰው ሳቀበት። አንዷ «በሁለት ሳምንት ውስጥ በእግሬ ሳነቴ ደርሼ እመለሳለሁ» አለች።

ሳላሕዲን ጌታነህ ላይ ጮኸበት። ቀና ብዬ አላየሁም። «ወላሂ የት ጋ እንደተበላሸ አላውቀውም» ይላል ጌታነህ፣ ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ ያለው ሳላሕዲን እንዲያምነው ብሎ ነው። «ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፍኩት። ፀሐይዋ ልክ ናት። ልክ ሆና ነው የምትጨልመው።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እብደት እየጀመረኝ ይሆን ሠርኬ?» አለኝ። እንቅልፍ ተኛ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ሌላ ምን እንደምለውማ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 6

ወይንሸት ጻፈች። «የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። የግራው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪሙ መናገር አይፈልግም። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት መቼ ነው የሚያልቀው? በየቀኑ ስለሚጠይቀኝ ነው፣ አትቀየሚኝ።»

አትቀየሚኝ ትለኛለች! ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀስቅሺያቸው ብዬ ልጽፍላት ነበር። ግማሹን ጽፌ ነበር። «ለምን ሌሊት?» ብትለኝስ? ደግሞ የታመመ ሽማግሌ ከእንቅልፍ ቀስቅሱ ማለት ደግ አይደለም፣ ብርድ ነው። አጠፋሁት። ብርድ ነው ብዬ ለሽማግሌ ማዘኔ ነው እንግዲህ።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ጋሽ ፍቅረሥላሴን እንኳን አደረሰዎ ልል ደወልኩ። ከደወልኩላቸው በኋላ ትዝ አለኝ፣ ለአባቴ በየፋሲካው እንዲሁ በመልእክት ነበር የማልፈው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። ዶሮው ደርሷል፣ ሽታውን እያየሁት ነው» ብለው ሳቁ። «ያ ነገር ለዳግም ትንሣኤ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልኩ።

«ከልብሽ ነው ወይስ የቢሮው ነው?»

«ከልቤ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዶሮውን አልበላሁትም።

ሚያዝያ 15

ሳላሕዲን ከአዳማ ሌላ ባለሙያ ሊያመጣ ነው። ለጌታነህ ነገረው። ጌታነህ አልተከራከረም። ተቀምጦ አንድ ወረቀት ሞላና ለኔ ሰጠኝ። «ቴሌግራሙ ላይ አውጪልኝ፣ ባማርኛ አንቺ ትሻያለሽ፣ አቃኚው» አለኝ።

«የ‘ባሌ ሰማይ’ ጉድለት የኔ የጌታነህ ጥፋት ነው። የት እንደሆነ ማግኘት አቅቶኛል። በኔ ምክንያት የአቶ ኃይለመስቀል ድካም ዋጋ እንዳያጣ እለምናለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አቅቶኛል» የሚለውን «ጊዜ ወስዶብኛል» ብዬ ለወጥኩት፣ ይሻለዋል ብዬ። ሆሄያቱን አረምኩ።

ከዚያ አወጣሁት።

ሚያዝያ 16

በጌታነህ ይቅርታ ሥር መቶ ሰው ገብቶ ይሳደባል። አንድ የድምፅ መልእክት ግን ከጎባ አለ፣ የጋሽ ፍቅረሥላሴ።

«የዚያ ልጅ አለቃ ካለህ ስማኝ፣ ልጁን አትቆጣው። ‘የት እንዳለ ገና አላገኘሁትም’ ብሎ አደባባይ ላይ የሚናገር ሰው ማታለል አይችልበትም። እኔ እጠብቀዋለሁ በለው። ማበርታት ነው እንጂ።»

ጌታነህ አዳመጠው። ደጋግሞ አዳመጠው። ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ፣ ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። እኔ ለሠላሳ አምስት ሰው መልስ ስሰጥ አመሸሁ።

ሚያዝያ 18

ነገርኩት።

ደብተሮቹን በፌስታል አድርጌ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። «በሀበሻ ሰዓት ነው» አልኩት። ሌላ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። ጌታነህ ደብተሩን ከፈተ፣ ህዳጉን አነበበ፣ አንዱን ገጽ ዘለል አድርጎ ሌላውን አነበበ። የቱን እንደዘለለ አውቃለሁ። ስለኔ የተጻፈውን ነው የዘለለው።

«ስድስት ሰዓት» አለ። «ስድስት ሰዓት ብቻ!» የሳቀም ያለቀሰም አልመሰለኝም። አስተካክሎ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። እኔ ከጀርባው ቆሜ ደቂቃውን አይ ነበር። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳነቴን ከፈተው፤ ብርሃን ነው። ሳላሕዲን «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እኔንም እሱንም አቀፈን።

ኋላ ጌታነህ ቀስ ብሎ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ትናንት ማታ» አልኩት።

ደብተሩን ከደነና አየኝ። «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሠርኬ ብሎ አልጠራኝም፤ ሠርከአዲስ ነው የሚለኝ።

ሰኞ ጎባ እሄዳለሁ። በስልክ አይሆንም። እሑድ ሚኒባሱ ሰው አይበዛበትም ነበር፣ ግን ዳግም ትንሣኤ ነው፣ እንግዳ ይኖራቸዋል ብዬ ነው።

ሚያዝያ 20፣ ከጎባ ተመልሼ

እንደሆነው ልጻፈው። ላሳምረው አልፈልግም።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የሄድኩት። ወይንሸት በሩን ስትከፍት ከፊቷ አወቅሁት። «ዓርብ ዕለት ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጀመሪያ መብራት የጠፋ መስሎት ነበር።»

ጋሽ ፍቅረሥላሴ መስኮቱ አጠገብ፣ ላፕቶፑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋቢ ለብሰዋል። አንገታቸውን አሁን ሰበር አያደርጉትም፣ ቀጥ ብለው ነው የተቀመጡት።

«የኃይለመስቀል ልጅ ናት?» አሉ። «ተስተካከለ?»

«ተስተካክሏል ጋሽዬ።»

«እሰይ! ልጁ ምን አለ? ደስ አለው?»

«አዎ።»

«በይ አስነሺው።»

«ጋሽዬ፣ እርስዎ...»

«አንቺ ታያለሽ አይደለም? አስነሺና ንገሪኝ። ሳትዘዪ።»

አስነሳሁት። ስነሳ አጋደልኩት። ጎባን አለፍን አልኳቸው። ባሕር ዛፉ አለቀ፣ አስታው ጀመረ አልኳቸው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ አንድ የጭነት መኪና አለ፣ ቆሟል። ሜዳው ላይ ወጣን። ሐይቆቹን ቆጠርኩላቸው። «ውኃው ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ቡና ዓይነት አልኳቸው። «ደመናስ?» በስተ ምሥራቅ ትንሽ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ምንም የለም። «ጥላችን መሬት ላይ ይታያል?» ይታያል፣ ጅብራው ላይ እየሄደ ነው አልኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጨብጠው እንደ ልጅ ፈገግ ብለው ነበር።

ያን ፈገግታ መቻል አቃተኝ።

«ጋሽዬ፣ የጌታነህ ጥፋት አይደለም» አልኩ። «የኔ ነው። የአባቴን ሰዓት ሳላጣራ በፈረንጅ ሰዓት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያወቅሁትም ትናንት አይደለም። የዛሬ ወር፣ እዚህ መጥቼ በሄድኩ ማግስት ነው። አውቄ ዝም አልኩ።»

ወይንሸት ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

ጋሽ ፍቅረሥላሴ እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «ታዲያ ሳነቴ አልጠፋም ነበር በይኛ» አሉ።

«አልጠፋም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታይ ነበር። ሌሊት ነው እንጂ። ከሰባት ሰዓት እስኪነጋ ድረስ፣ ጥርት ብሎ። ለእርስዎ ልነግርዎ ጽፌ ነበር። ከእንቅልፍ የሚቀሰቀሱ መስሎኝ...»

«ሌሊት?» ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ሌሊትማ እንቅልፍ የለኝም እኮ ልጄ። ዓይኔን ሲቆረጥመኝ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የማነጋው። ሁለት ወር ሙሉ።»

ወይንሸት በሩን ከፍታ ወጣች። ግቢ ውስጥ ስትራመድ ይሰማኝ ነበር።

እሳቸው መዳፋቸውን ላፕቶፑ ላይ አሳረፉ፣ የሚሞቅ መሆኑን ለማየት ይመስል። አውሮፕላኑ ማንም ሳይነካው ሜዳውን እየጨረሰ ነው። ተነስቼ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ግራ ገብቶኝ እጄን ይዤ ቀረሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። «አልጨረስሽልኝም። አሁን የት ደረስን?»

«የሪራ ጫካ ጀመረ» አልኳቸው።